የፈሩትና ያልፈሩት፦ ከአዳማ እስከ አንኮበር

ሐሙስ

አንኮበር የሄድኩት የነገሥታቱን ኮረብታ ለማየት የመሰላችሁ የአዳማ ወዳጆቼ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ኮረብታውን ያየሁት በጉም ውስጥ፣ ያውም ከሩቅ ነው። የሄድኩት ለወንድሜ ልጅ ለሰናይት ብዬ ነው። ሰናይት ከአንኮበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ከሦስት ሳምንት በፊት እያስተማረች ሳለ ሰሌዳው ሥር ወደቀች። የሚጥል በሽታ አለባት። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ዘጠኝ ወላጆች ልጆቻቸውን ከእሷ አውጥተው ወደ ሌላው ሁለተኛ ክፍል አዛወሩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እዚያ የሚወሰነው ሰናይት ታስተምር ወይስ ጠመኔውን ታስረክብ የሚለው ነበር።

በሽታው ከማን መጣባት የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ አለብኝ። ይኸው ጻፍኩት። ሃያ ዓመት አብረን ስንበላና ስንጠጣ ያልነገርኳችሁ ስለማላምናችሁ ነው። አሁንም እምብዛም አላምናችሁም። ነገር ግን ይህን ሳልናገር የዚህን ጉዞ ነገር መጻፍ አልችልም።

ከአዳማ የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ኪኒኔን በደረቴ፣ አንድ ካርቶን ፓፓያ በእጄ ይዤ ነበር። አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ፓፓያዬን ከኋላ ጫነና አንድ ካርቶን ምስማር አናቱ ላይ አስቀመጠበት። ብናገረው፣ «እማማ፣ ምስማር አይበላሽም» አለኝ። ስለ ፓፓያው ምንም አላለም።

ሸኖን ስናልፍ ቅዝቃዜው በመስኮቱ ክፍተት ይገባ ጀመር። ዐቢይ ጾም ስለነበር በዝነኛው ቅቤዋ ፈንታ ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዛን። ደብረ ብርሃን ስደርስ ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታ ነበር፤ ብርዱ ግን የፀሐይዋን መውጣት የሰማ አይመስልም። አዳማ ሰው ጥላ ፍለጋ መንገድ ይሻገራል። ደብረ ብርሃን ፀሐይ ፍለጋ ይሻገራል። እኔም ባንዱ ግድግዳ ሥር ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተሰልፌ ትንሽ ሞቅሁ።

ያደርኩት በልጅነቴ እዚያ ስማር አብራኝ ትኖር በነበረች ሴት ቤት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ራሷን ታውቃለች። ያኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እሷ፣ ደብሪቱና እኔ። መጀመሪያ የወደቅሁ ዕለት ደብሪቱ ግቢው እስኪሰማት ጮኸች፤ በባዶ እግሯ ወጥታ ሮጠች። ስምንት ቀን ሌላ ክፍል አደረች። ይህችኛይቱ ግን አልጮኸችም። ብርድ ልብስ አለበሰችኝ፣ ወለሉን ጠራረገች። በማግሥቱ የኩባያዬ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። «እንዳይቀላቀል ነው» አለችኝ ፈገግ ብላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክር ባለው ኩባያ ጠጣሁ።

እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የጠላሁት ደብሪቱን ነው። ያ ጩኸቷ ከጆሮዬ አልወጣም። ከአምስት ዓመት በፊት ሞተች ሲሉኝ ለቅሶዋ አልሄድኩም። ከዚህችኛይቱ ጋር ግን በየበዓሉ እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን።

ቤቷ ትልቅ ነው። ምሳው የጾም ሆኖ አራት ዓይነት ነበር፤ አልወቅሳትም። ሻይ ሲመጣ ለእሷና ለልጇ በብርጭቆ፣ ለእኔ በወረቀት ኩባያ ተቀዳ። ለመንገደኛ ይመቻል አለች። መንገዴ ገና ለነገ ነበር። ክሩ ቀርቶ የወረቀት ኩባያ መጣ፤ ዘመኑ ተሻሽሏል ማለት ነው። ልጇ፣ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፣ ሌሊት መብራት ይተውልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እናቱ ሁሉን ነግራው ኖሯል። የሰናይትን ነገር ሳነሣ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ብትመደብ ምን ችግር አለው አለችኝ። የፈራች መስሎኝ አለፍኩት። ሰው የማያውቀውን ቢፈራ አይፈረድበትም ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከአዳማ የመጣሁ መሆኔ በልብሴ ታወቀ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳይጠይቁኝ የጋቢያቸውን አንድ ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉብኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግ ከሁለቱ አንዱ አብዷል ይባላል። በየገብስ ማሳው ዳር ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ከመኪናው ይልቅ ሣሩ ያሳስባቸዋል።

ግማሽ መንገድ ላይ የፓፓያው ጭማቂ ከመቀመጫው ሥር ፈሶ የአንዲት ሴት የገበያ ዘንቢል ነካ። ካርቶኑን ብንከፍተው ከስምንቱ ስድስቱ ፈርጠዋል። ሴትዮዋ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ መቼም አይጣልም ብላ ሽማግሌውን ሰንጢ ጠየቀቻቸው። መኪናው ሙሉ በላ። ሽማግሌው ከዚያ በፊት ቀምሰውት አያውቁም ነበር። ጥቂት አላመጡና፣ «ዱባ ናት፤ ሀብታም ቤት ያደገች» አሉ። አንኮበር የደረስኩት በሁለት ፓፓያና በሚያጣብቁ እጆች ነው።

ከዚያ ሰናይትን አየኋት። ስትስመኝ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ የቃጠሎ ጠባሳ አየሁ፤ ገና ቀይ ነው። ምንድነው አልኳት፤ ምንም አይደለም እትዬ አለችኝ። እኔ ግን ወዲያው አወቅሁት። በአገራችን ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ጢሱን ያሸትቱታል። አይጠቅምም፤ ግን ሁሉም ያደርገዋል። እኔንም ስንት ጊዜ አሽትተውኛል። ከንፈር ማቃጠል ግን አይቼ አላውቅም። ሆን ብሎ ካልሆነ ሰው ክብሪት ያን ያህል አያስጠጋም ብዬ ደመደምኩ።

ሰናይት የምትኖረው ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ቤት ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው። ምድጃውን በጋራ ነው የሚጠቀሙት። ዘነቡ ስንገባ ተነሥታ ቆመች፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ውኃ ስታቀብለኝ እጇ ተንቀጥቅጦ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። እራት የገብስ እንጀራ በስልጆ ነበር። ስልጆው ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። አዳማ እንዲህ ያለ ስልጆ የለም፤ ይህን ለማመን ግን ሌላ ጊዜ ይደርሳል ብዬ በዚያ ምሽት ምስጋናዬን ዋጥኩት። ዘነቡ እየበላች በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ለመሸሽ የተዘጋጀች ትመስል ነበር። ሌላዋ ደብሪቱ ይህችው አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ

ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ አረፈደ። ሰናይት ደብተር ልታርም ትምህርት ቤት ስትሄድ ከዘነቡ ጋር ብቻችንን ቀረን። ባቄላ ትለቅም ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ።

«ልጄን ማን ነው ያቃጠላት?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ አስካለ» አለች። ባቄላውን መልቀም አላቆመችም።

በሌላ ሰው ታመካኛለች ብዬ የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ከንቱ ቀረ። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ሰናይት ከትምህርት ቤቱ ሌላ አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ወድቃ ኖሯል። ዘነቡ ነፍሴ አውጪኝ ብላ ሮጠች፤ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ። እዚያ ስትደርስ ልጅቷ ከእሳቱ ጋር ብቻዋን መቅረቷ ትዝ አላት። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር አለች፤ በእንብርክክ ተመለስኩ ማለት ይቀላል። ሰናይትን ከምድጃው ጎትታ አራቀቻት። ክብሪት መጫር እንዳለባት ሰምታለች። ስድስቱ እጇ ላይ ተሰበሩ። ሰባተኛው ሲበራ እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ጢሱን ሳይሆን እሳቱን ከንፈሯ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወዲህ ሰናይት ወደ እሳቱ እንዳትንከባለል ብላ በእሷና በምድጃው መካከል፣ መሬት ላይ፣ ባናዋን አንጥፋ ትተኛለች።

አልጋ አላት። አይቼዋለሁ፤ ጥሩ የሽቦ አልጋ ነው።

ትፈሪያለሽ ወይ አልኳት።

«ምን ያህል! አሁን ራሱ እርስዎ ሊወድቁብኝ ነው እያልኩ ባቄላውን ሁለት ጊዜ ለቀምኩት።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ሰናይት የእኔን ነግራት ኖሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሰናይት እቆጣ ነበር። ያን ቀን ተነሥቼ ምን ማድረግ እንዳለባት አሳየኋት። ክብሪት የለም። አፍ ውስጥ ጣት፣ ማንኪያ፣ ምንም አይገባም። እሳትና ድንጋይ ይራቅ፣ ከራስ ሥር ለስላሳ ነገር ይግባ፣ መንፈራገጡ በረድ ሲል በጎን ማስተኛት፣ እስክትነቃ አጠገቧ መቀመጥ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ መኪና መፈለግ። ጠበልስ አለችኝ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ አልኳት። ተስማማን።

ያን ዕለት ከሰዓት ደብሪቱን ሳስብ ዋልኩ። ስምንት ቀን ሸሸች ብዬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ስቆጥርባት በዘጠነኛው ቀን መመለሷን አልቆጠርኩላትም። ሊያሸሻት የመጣ ነገር ቢኖር ለመሮጥ እንዲመቻት ዓመቱን ሙሉ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኝታለች። እስቅባትም እናደድባትም ነበር። በጫማዋ ትተኛ እንጂ የተኛችው ከእኔ አልጋ ቀጥሎ ነው። የተረፈኝን ሻይ ትጨልጥ ነበር፤ ከዚያው ክር ካለው ኩባያ። ያችኛይቱ አንድም ቀን ሸሽታኝ አታውቅም። አንድም ቀን ፈርታኝ አታውቅም። ወደ እኔም አንድ እርምጃ ቀርባ አታውቅም። ደግ ስትሆን ሁልጊዜ ከክሩ ወዲያ ማዶ ሆና ነው።

ለሁለቱ የሰጠሁትን ማዕረግ አገላብጬ ኖሬያለሁ። ይቅርታ ማድረጌ እንዳይመስላችሁ፤ ቂሜን ወደ ትክክለኛው ባለቤት ማዛወሬ ነው።

እሁድ

ስብሰባው በሰናይት ክፍል ውስጥ ተደረገ። ትልልቅ ሰዎች የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ ወጣት ነው፤ ቅን ልጅ ነው፣ ግን ከሁለቱም ወገን ጋር መጣላት አይፈልግም። ንግግሩን የያዙት የወላጆች ተወካይ አቶ ክፍሌ ናቸው። ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ በእግዚአብሔር ስም ጀምረው የሚጨርሱ ሰው። ሰናይትን እህቴ አሉ። የሚጠላት እንደሌለ ተናገሩ። ችግሩ ፍርሃት ብቻ መሆኑን፣ ወላጅ ስለ ልጁ ቢፈራ ተፈጥሮ መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ ለሷም ለጤናዋ ሲባል ከልጆች ራቅ ብላ ቤተ መጻሕፍት ብትሠራ አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰናይት ጠመኔ የነካውን ጣቷን ትጠርግ ነበር። እኔም የደብረ ብርሃኑን ምሳ አስታወስኩ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ቤተ መጻሕፍት ነው።

ዘነቡ እዚያ የሚማር ልጅ የላትም፤ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። በስብሰባ ተናግራ እንደማታውቅ በኋላ ሰማሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስለነበር መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አልታወቀም።

«አቶ ክፍሌ፣ እዚህ ውስጥ ፈሪዋ እኔ ነኝ። ሸሽቻለሁ፤ አጥር ድረስ ሮጫለሁ፤ አገር ያውቃል። እርስዎ መቼ ፈሩ?»

አቶ ክፍሌ ፈገግ አሉ፤ እኔ ራሴ እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን አልፈራም፣ የማወራው ስለ ሕዝቡ ነው አሉ።

«እንግዲያው ለፈራነው ይተዉልን» አለች ዘነቡ። «እኛ የምንፈራው ምን እንደምናደርግ ስላላወቅን ነው። እኒህ ሴትዮ ያውቃሉ። ያሳዩን።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አስቡት እንግዲህ፤ እናንተ ፊት ሃያ ዓመት የደበቅሁትን፣ ስሜን በማያውቁ ሰዎች ፊት ልናገረው። ተነሣሁና ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ እንዳለብኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እንዳስተማርኩ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደወደቅሁና አንድም ልጅ በዚያ ምክንያት እንዳልታመመ ነገርኳቸው። ከዚያ ነጠላዬን ሲሚንቶው ላይ አንጥፌ በስድሳ ስድስት ዓመቴ ተጋደምኩ። ቅዝቃዜው እስከ አጥንት ነው።

አንዱ ከኋላ፣ «እውነቷን እንዳይሆን» ሲል ሰማሁ። ሳቅ ሆነ። ሳቁ ደግ ሳቅ ነበር። ዘነቡ መጥታ ተንበረከከች። እጇ ትከሻዬ ላይ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም በጎኔ አዞረችኝ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሴ ሥር ከተተች። እንደገና በጀርባዬ ተኛሁ፤ ሌላ ሴት መጣች። ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት አረፋው ቢነካንስ አለች። ይታጠባል አልኳት፤ እንደ ማንኛውም ምራቅ። አይተላለፍም ወይ አለች። በዚህ ቢተላለፍማ ተማሪዎቼ ሁሉ ይወድቁ ነበር አልኳት። ሕፃኑን ለጎረቤቷ አቀበለችና ተራዋን ወሰደች። ዘጠኝ ሰው አገላበጠኝ፤ በመጨረሻ ራሱ ርዕሰ መምህሩ። እሱም ከተነሣ በኋላ ጉልበቱን አራግፎ መምህርት ሰናይት በክፍሏ እንደምትቀጥል፣ ልጁን መመለስ የፈለገ ወላጅ ነገ ጧት እንዲያመጣ ተናገረ። አቶ ክፍሌ እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዩ። ሲወጡ ጨበጡኝ፤ ጥሩ ትምህርት ነው አሉኝ።

ወገቤ ሦስት ቀን አመመኝ። ስልጆውን ግን ያን ማታ አመሰገንኩ፤ ሁለት ጊዜም አስጨመርኩ።

ሰኞ

ጧት ከክፍሉ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ መጡ። ሕፃን ያዘለችው እናት ልጇን እጁን ይዛ አመጣች፤ እስከ በሩ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። ልጁን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ እሷ ግን አልሄደችም፤ አጠገቤ መጥታ እስከ ዕረፍት ሰዓት ተቀመጠች። ከዕረፍት በኋላ ሁለት ተጨመሩ። ስድስቱ ቀሩ። ከስድስቱ አንዷ የአቶ ክፍሌ ልጅ ናት።

ማክሰኞ

መኪና ስጠብቅ አቶ ክፍሌ መጡ። ሻንጣዬን ተቀብለው ራሳቸው አስጫኑልኝ፤ አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎም ሰጡኝ። እንደ አዳማ ሰው ሙቀት የለመደ ሰው እዚህ መጽናቱ እንደሚደንቃቸው ነገሩኝ። ልጅዎስ አልኳቸው። በመምህርቷ ላይ ምንም እንደሌላቸው፣ የእሁዱንም በደንብ እንደተረዱት አስረዱኝ።

«ልጄ ግን እዚያው ባለችበት ትቆይ» አሉ።

ዓይናቸውን በደንብ አየሁት። ፍርሃት ብፈልግ አጣሁ። ጥቂት እንኳ ባገኝ ኖሮ እዚያው መናኸሪያው ላይ ሁለተኛ እጋደምላቸው ነበር። ቆሎውን አመስግኜ ተሳፈርኩ። ጥሩ የታመሰ ቆሎ ነው፤ ሳልዋሽ።

ደብረ ብርሃን ላይ ወደ ትልቁ ቤት አልሄድኩም። ጠይቄ ጠይቄ የደብሪቱን ባል አገኘኋቸው፤ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ለቅሶ ደረስኩ። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነኝ፣ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል ስላቸው ግራ ገባቸው። ስለ እኔ አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም። በሽታዬን ቀርቶ ስሜን እንኳ ለማንም አልተናገረችም ማለት ነው። እስኪመሽ አብሬያቸው ተቀመጥሁ።

አዳማ ገብቼ ሙቀቱን ካመሰገንኩ ሁለት ሳምንት ሲሆነኝ ዘነቡ ደወለች። ሰናይት ክፍል ውስጥ ወድቃለች አለችኝ። ደኅና ናት፤ አሁን ተኝታለች። አንድ ሰው ጠርቷት ዘነቡ ዳገቱን በሩጫ ደርሳለች፣ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ደርሰሽ ምን አደረግሽ አልኳት።

«ምንም። ሥራው አልቋል» አለች። «ልጆቹ በጎኗ አስተኝተዋታል፤ ሹራባቸውን ሁሉ አውልቀው ከራሷ ሥር ጠቅጥቀውታል፤ ቀሪዎቹ አምስት ደቂቃው እንዳያልፍ እየቆጠሩ ነው። ልጠጋ ብል አንዷ ጥርስ የሌላት ትንሽዬ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹እማማ ዘነቡ፣ እጅሽ ሲቆም ነይ።›»